ሳይጨረስ የቀረው የታደለች መድኃኒት

ነገሩ የደረሰባቸውን ሰዎች በቅድሚያ ልጥራ። እኔ አስፋው ነኝ፤ ትውልዴ ደብረ ብርሃን፣ ሥራዬ አሰብ ወደብ ላይ ጭነት መቁጠር። ባለቤቴ በላይነሽ ናት፤ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። የመጀመሪያ ልጃችን ታደለች ትባላለች፤ ነገሩ ሲጀመር ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ቀጥሎ ሰሎሞን፣ ስድስት ዓመቱ። ከዚያ ሮማን፣ ገና ጡት ያልጣለች። ጎረቤታችን ሐሰን ነው፤ ከራሔይታ መንደር የመጣ አፋር፣ ደረቅ ዓሣ ነጋዴ። የሆስፒታሉ ነርስ ሲስተር ለተብርሃን ናት፤ አስመራ ተወልዳ ያደገች። ሐኪሙ ፈረንጅ ነበር፤ ስሙን አስተካክዬ መጥራት ስለማልችል ሐኪሙ ብዬ አልፋለሁ። ሌላም አንድ ሰው አለ፣ ገበያው አጠገብ መርፌ የሚወጋ። እርሱን በስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ ከእኔ አይበልጥምና።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ሠርቶ አዳሪ ለሆነ፣ ልጆች ላሉት፣ ጉንፋን በየወሩ ለሚጎበኘው ሰው ነው። መጽናኛ ፈልጎ የሚያነብ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

ወደ አሰብ የተዛወርኩት ነዳጅ ማጣሪያው ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው። ደመወዙ ከደጋው ይሻል ነበር፣ የበረሃ አበልም ነበረው። አሰብን የማያውቅ ሰው እዚያ አገር ጉንፋን አለ ቢሉት ይስቃል። ከግንቦት እስከ መስከረም ቀትር ላይ የብረት በር እጀታ በባዶ እጅ አይያዝም፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ለገላ አይቀርብም፣ ያቃጥላል። እኔም ስቄ ነበር። ብርድ ያሳደገኝ ሰው አሰብ ላይ ጉንፋን ምን ያደርገኛል አልኩ።

በሁለተኛው ዓመት ያዘኝ። በአሥር ቀን ለቀቀኝና በሦስት ሳምንቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ መሄጃና መምጫው አልታወቀም። አፍንጫዬ ሲደርቅ ጉሮሮዬ ይቆስላል፤ ጉሮሮዬ ሲሽር ደረቴ ይዘጋል። በአንድ ዓመት ዘጠኝ ጊዜ ቆጠርኩ። እኔ በተነሣሁ በሳምንቱ ሰሎሞን ይወድቃል፣ ከሰሎሞን ሮማን ትቀበላለች፣ ታደለች ትከተላለች፣ በላይነሽ ሁላችንንም አስታማ በመጨረሻ በተራዋ ትተኛለች። እርሷ ስትነሣ እኔ እንደገና አስነጥሳለሁ። ከሥራ የቀረሁበት ቀን እየበዛ ሲሄድ አለቃዬ ጠርቶ፣ ለበሽተኛ ቆጣሪ ብሎ መርከብ አይቆምልኝም፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለኝ።

ሥራችን እንዲህ ነበር። የስዊዝ ቦይ ከተዘጋ ወዲህ መርከብ የሚገባበት ቀንና ሰዓት አይታወቅም፤ ከገባ ግን እስኪራገፍ ድረስ ቆጣሪው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ስንዴ ከሆነ በስንዴ ብናኝ፣ ሲሚንቶ ከሆነ በሲሚንቶ ብናኝ ውስጥ ቆሜ በየአሥሩ ጆንያ አንድ ጭረት እጭራለሁ። የምንጽፍበት እርሳስ ምራቅ ሲነካው ሐምራዊ ቀለም የሚያወጣው፣ ጽሕፈቱ የማይጠፋው ዓይነት ነው። ሰሌዳው ላይ በገመድ ታስሮ ከፈረቃ ወደ ፈረቃ ይተላለፋል። አንዱ ቆጣሪ በምላሱ አርሶ ይጽፋል፣ ሲወጣ ለሌላው ያስረክባል፣ ያም በምላሱ ያርሳል። የወደብ ቆጣሪ ምላሱ በሐምራዊ ይታወቃል፤ ሻይ ቤት ስንገባ ‘ምላሳችሁን አሳዩና በዱቤ ጠጡ’ እያሉ ይቀልዱብን ነበር። ይህን ነገር ያኔ እንደ ሙያችን ምልክት እንጂ እንደ ሌላ አላየሁትም።

ከሥራ ስገባ አላርፍም። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ስለሆንኩ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት በፖስታ ከአዲስ አበባ ይመጣልኝ ነበር። አራት ሰዓት ተኝቼ ከተነሣሁ በቂዬ ነው እል ነበር። እንቅልፍ የሰነፍ ሀብት ነው እያልኩ ልጆቼን አሳድጌአለሁ። ይህን አባባል ከማንም አልሰማሁትም፤ የራሴ ነው፣ ስለዚህ ኃላፊነቱም የራሴ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ወባ ነው ብለው መራራ ክኒን ሰጡኝ። ጆሮዬ ሳምንት ሙሉ ጮኸ፤ ጉንፋኑ አልሄደም። ሁለተኛው ጋ ጉሮሮዬን ቀለም ቀብተው፣ ጭንብል የሌለው ሰው አቧራ ውስጥ አይቆምም ብለው መለሱኝ። ጭንብል ከየት እንደሚገኝ ግን የነገረኝ የለም። ሦስተኛው ያ የገበያው መርፌ ወጊ ነው። የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና ደምዎ ቀጥኗል አለ። ቀይ ፈሳሽ የሞላት ብልቃጥ አንሥቶ አሳየኝ።

“አቶ አስፋው፣ ይቺን በወር በወር ካስገቡ ጉንፋን የእርስዎን ስም የሰማ እንደሆነ መንገድ ይቀይራል።”

ስድስት ወር አስገባሁ። ጉንፋኑ መንገድ አልቀየረም።

በዚህ መካከል አንድ የጤና መጽሔት እጄ ገባ። ሰውነት የራሱ የመከላከል ኃይል አለው፣ ይህም ኃይል በምግብና በንጽሕና ይጠነክራል የሚል ተጽፎበታል። ነገሩ ልቤን ገዛው። ለካ በሽታ ጠላት ነው፣ ሰውነት ምሽግ ነው፣ ምሽጉን ማጠንከር ደግሞ የባለቤቱ ሥራ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ መታመምን ከስንፍና ጋር የምቆጥር ሰው ስለነበርኩ ያነበብኩት ከአስተሳሰቤ ጋር ገጠመ። ሰፊ ወረቀት አመጣሁና የቤቱን ደንብ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት መነሣት፤ ሌሊት በእንስራ ያደረ ውኃ ራስ ላይ ማፍሰስ፤ በባዶ ሆድ አንድ ፍሬ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ በሎሚ። በረዶ የገባበት መጠጥ መጠጣት ክልክል። ደጅ መተኛት ክልክል።

ደንቡ ለሁሉም ነበር። በላይነሽ ሁለት ቀን ሽንኩርቱን ከበላች በኋላ ሮማን ጡት እምቢ አለች ብላ ነገረችኝ፤ ልጅቱ አፏን ታቀርብና ፊቷን አጨማድዳ ትዞራለች። ትለምደዋለች አልኳት። ትምህርት ቤት የልጆቼ ስም ‘እነ ሽንኩርት’ ሆነ። ታደለች ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር፤ ‘ከኋላ ወንበር ማንም አይጋፋንም፣ አባባ፣ እንደልባችን ነን’ ብላ። ቀልደኛ ልጅ ነበረች።

ከደንቡ ሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው። አሰብ ላይ በሙቀቱ ወራት ሰው ሁሉ አልጋውን ግቢ አውጥቶ ነው የሚተኛው። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ግን ነፋስ ይመታናል ብለን እንፈራለን። ላብ ላይ ነፋስ ሲያርፍ ምች ነው፣ ጉንፋን ነው፣ የጎን ውጋት ነው ብላ እናቴ አሳድጋኛለች፤ እኔም መጽሔቱን አንብቤ ስጨርስ መጽሔቱንና የእናቴን ቃል አንድ ላይ ሰፋኋቸው። ስለዚህ አምስት ነፍስ በአንዲት ክፍል፣ መስኮት ተዘግቶ፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፎ እንተኛ ነበር። እኔ እያስነጠስኩ፣ ልጆቹ የእኔን ትንፋሽ መልሰው እየሳቡ።

ሐሰን አጥሩ ማዶ ከነልጆቹ በሰሌን ላይ ተዘርግቶ የእኛን ሳል ይሰማል። አንድ ጠዋት በር ላይ አገኘኝ።

“ያ አስፋው፣ እሳት ውስጥ ገብተህ ብርድ ትፈራለህ? ዓሣ እንኳ እንዲህ አፍነህ ብታሳድረው ጠዋት ይሸታል።”

“አንተ ለዓሣህ እወቅ” አልኩት።

“እሺ። እኔ ለዓሣዬ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነፋስ ላይ ነው የማሰጣው።”

ሰላምታ ሳልሰጠው አለፍኩ። አንድ ወር ያህልም አኮረፍኩት። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ስለ ጤና ሊያስተምረኝ መሞከሩ ነበር ያናደደኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እደርሳለሁ።

ታደለች አሥር ዓመት በሞላት ዓመት፣ ጥር ላይ፣ ጉሮሮዋን ክፉኛ ታመመች። አፍንጫዋ አልፈሰሰም፣ አላሳላትም፤ ምራቅ መዋጥ ግን አቃታት፣ አንገቷ ሥር ሁለት እብጠት ወጣ፣ ትኩሳቷ እጅ ይፈጃል። ክሊኒክ ወሰድኳት። የዚያን ቀን ያያት ሰው ደኅና ሰው ነበር። አርባ ፍሬ ፔኒሲሊን በቡናማ ጠርሙስ ሰጠኝና በቀን አራት ጊዜ፣ አሥር ቀን፣ ቢሻላትም እንዳታቋርጥ ብሎ ሁለት ጊዜ ነገረኝ። ሁለት ጊዜ መናገሩን የምጽፈው አልሰማሁም እንዳልል ነው።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቷ ወረደ። ተነሥታ ከሰሎሞን ጋር ተጣላች፤ ይህም በቤታችን የጤና ምልክት ነው። ጠርሙሱን አነሣሁ። አሥራ አንድ ፍሬ ወስዳለች፣ ሃያ ዘጠኝ ቀርቷል። ለዳነች ልጅ ሃያ ዘጠኝ ፍሬ መድኃኒት ማብላት ለእኔ ብክነት ነበር። ቁጠባ ያሳደገኝ ሰው ነኝ፤ አንድ እፍኝ ሽሮ እንዳይባክን ስትል እናቴ ወንፊት ታራግፍ ነበር። በዚያ ላይ መድኃኒት የበዛበት ሰውነት ራሱን መከላከል ይረሳል የሚል ሐሳብ ነበረኝ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፤ ምናልባት ከራሴ። ጠርሙሱን ሰነዶቼ ባሉበት ሣጥን ቆለፍኩበት።

በላይነሽ ሰውዬው ጨርሱ ብሎ የለም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ለሚቀጥለው ይሆነናል አልኳት። ሆነንም። ከዚያ በኋላ ጉንፋን ሲጀማምረኝ ሣጥኑን እከፍትና አንድ ወይም ሁለት ፍሬ እውጣለሁ። ሲቀለኝ እዘጋለሁ። መጽሔቱ ‘የመከላከል ኃይል’ ያለውን በቁልፍ የያዝኩት መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ታደለች ጉልበቴን አመመኝ አለች። የዚያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ንባብ አስጠናቸው ነበር፤ ታደለች ደግሞ ጥናቱን እንደማትወድ አውቃለሁ። ልግም ነው አልኩ። በማግሥቱ ጉልበቱ ተወኝ፣ አሁን ደግሞ ክርኔ ነው አለች። በሽታ ከጉልበት ተነሥቶ ክርን ላይ አይቀመጥም፣ ውሸት ነው ቦታ የሚቀያይረው ብዬ ቆጣኋት። ምዕራፉን ቆማ እንድታነብ አደረግሁ። ቆማ አነበበች። ምዕራፉ አምስት ገጽ ነበር። ሦስተኛው ገጽ ላይ ክብደቷን ወደ አንድ እግሯ ስታዛውር አይቻታለሁ፤ ቀጥ በይ ብያታለሁ። ቀጥ አለች።

ይህን በላይነሽ እንኳ አላነሣችብኝም። እኔው ነኝ የምጽፈው።

ከዚያ ጉልበቷ አብጦ ቀላ። አሁን እውነት መሆኑን አመንኩ፤ ቁርጥማት ነው አልኩ። የሐሰን ሚስት እንደ አገሯ ልማድ ቀትር ላይ የጋለ አሸዋ የታደለች እግር ላይ ከምራ አስቀመጠቻት። ሥቃዩ ቀለል አለላት፤ እብጠቱም በሁለት ሳምንት ጎደለ። ሁላችንም ዳነች አልን። ሐሰን ደስ ብሎት ሁለት ትልልቅ ዓሣ ላከልን፤ ኩርፊያችንም በዚያ አበቃ።

ግን ልጅቱ የድሮዋ አልሆነችም። ትምህርት ቤታቸው ከቤት ሩቅ አይደለም፣ መንገዱም ሜዳ ነው፤ ታደለች ግን ሁለት ቦታ ላይ መቆም ጀመረች። ሰሎሞን ‘እሜቴ ጎታታ’ እያለ ይስቅባታል። ፊቷ ገረጣ። ከቀትር በኋላ፣ ከተማው ሁሉ በሙቀት በሩን ዘግቶ በሚያርፍበት ሰዓት፣ አጠገቤ ተኝታ ደረቷ ላይ ያለው ቀሚስ ሲዘል አየሁ። እጄን አስቀመጥኩበት። ልቧ መዳፌን ይመታ ነበር፤ መሬት የወደቀ ዓሣ እንደሚመታ። ያኔ ፈራሁ። በሕይወቴ ያንን የመሰለ ፍርሃት አላውቅም፤ ፀሐይ እያበራ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ የምነግረው አጥቼ።

ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ያለው አግዳሚ ከንጋት ጀምሮ ይሞላል። ከበይሉል መንደር ልጃቸውን ይዘው የመጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ በግመልና በጭነት መኪና ሁለት ቀን መጥተው ተራቸው ሊደርስ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷቸዋል። ታደለች ስታለከልክ አዩ። አማርኛ አያውቁም። ቁጥር የተጻፈባትን ካርቶን ከእጄ ወስደው የእርሳቸውን አስጨበጡኝና ወደ አግዳሚው ጫፍ ሄደው ተቀመጡ። ስማቸውን ልጠይቅ ስመለስ ሄደው ነበር። ደኅና ሰው የሚሆነው ፊደል የቆጠረ ብቻ ይመስለኝ ነበርና ይህንንም ከትምህርቴ ቆጥሬዋለሁ።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ቆየ። ከፊት አዳመጠ፣ በጎን አዳመጠ፣ ከኋላ አዳመጠ። በጣልያንኛ ይናገራል፤ ሲስተር ለተብርሃን ትተረጉማለች። ከወር ሁለት ወር በፊት ጉሮሮዋን አሟት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። አዎን አልኩ። መድኃኒት ወሰደች ወይ? አዎን። ጨረሰች ወይ?

የታደለችን ቀሚስ ቁልፍ መቆለፍ ጀመርኩ።

“አቶ አስፋው፣ ጨረሰች ወይ እያሉ ነው” አለች ሲስተር።

ጠርሙሱን አምጡ ተባልኩ። ቤት ሄጄ ሣጥኑን ከፍቼ አመጣሁ። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈውና በጣቱ እየገፋ ቆጠረ። አሥራ ሰባት። እርሷ አሥራ አንድ ወስዳ ነበር፤ አሥራ ሁለቱን እኔ ለጉንፋኔ ውጬዋለሁ። ይህንንም ተናገርኩ፤ መዋሸት አላውቅም። ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። ተቆጥቶ አልነበረም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አንድ አጭር ነገር ተናገረ። ሲስተር ወዲያው አልተረጎመችውም። ምን አሉ ብዬ ስጠይቃት መሬት መሬት እያየች ነገረችኝ።

“እነዚህ አሁን ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን እርሷ ሆድ ውስጥ መሆን ነበረባቸው፣ ነው የሚሉት።”

ከዚያ አስረዳችኝ፤ እኔም እንደገባኝ ለአንባቢ ላስረዳ። ጉሮሮ የሚያቆስል አንድ ዓይነት ተሕዋስ አለ። ትኩሳቱ ቢወርድም ተሕዋሱ ሳይጠፋ ጉሮሮ ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል፤ የመድኃኒቱ አሥር ቀን ለዚያ ነው። በዚያ ጊዜ ካልጠፋ የልጁ ሰውነት ራሱን ለመከላከል በኃይል ይነሣል፤ ሲነሣ ግን ወዳጅና ጠላት መለየት ያቅተዋል። መገጣጠሚያ ያሳብጣል፣ ልብንም ያቆስላል። መገጣጠሚያው ይድናል። ልብ ውስጥ ደም እንዳይመለስ የሚከፈቱና የሚዘጉ ትንንሽ በሮች አሉ፤ እነርሱ ከቆሰሉ ጠባሳ ይይዛሉ፣ ሁለተኛ እንደ ቀድሞው አይዘጉም።

“ስለዚህ ልቧን የጎዳው የራሷ የመከላከል ኃይል ነው?” አልኩ።

“አዎን፣ እንደሱ ማለት ይቻላል” አለች ሲስተር።

ያን ሁሉ ጊዜ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ስሰብክለት የነበረው ኃይል ማለት ነው።

ልብ የሚመረምር መሣሪያ ያለው አዲስ አበባ ስለነበር ታደለችን በአውሮፕላን መውሰድ ግድ ሆነ። የእኔ ገንዘብ በመርፌውና በፖስታው ትምህርት አልቋል። በላይነሽ የስፌት መኪናዋን ሸጣ ብሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ከአባቷ የተሰጣት የሠርግ ስጦታ ነበረች። አመሰግናለሁ ልላት አፌን ስከፍት “ለእሷ ነው” አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

አዲስ አበባ ሰባት ሳምንት ተኛች። እንዳትነሣ፣ እንዳትራመድ፣ ለሽንት እንኳ እንዳትወርድ ታዘዘ። እኔ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጄ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ። አሁን የማነብላት እኔ ነበርኩ፤ አንድ ቀን እርሷ ሳቀችና ‘አባባ፣ ተቀምጦ ማንበብ ይቻላል እንዴ?’ አለችኝ። ልታስቀኝ ብላ ነው። ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ቆየሁ።

ስንወጣ ሐኪሞቹ የነገሩኝ እንዲህ ነው። ከልቧ በሮች አንዱ ተበላሽቷል፤ የሚጠገንበት ዘዴ ውጭ አገር አለ ይባላል፣ ለእኛ ግን የለም። ጉሮሮዋ ዳግመኛ እንዳይያዝ በየወሩ አንድ ጠንካራ የፔኒሲሊን መርፌ ትወጋለች። መሮጥ፣ ከባድ መሸከም አይፈቀድላትም። ወደ አሰብ የሚመልሰን አውሮፕላን ውስጥ ታደለች መስኮቱን እያየች ጠየቀችኝ።

“መሮጥ የከለከሉኝ ለጊዜው ነው፣ አባባ?”

ልጆቼን ዋሽቼ አላውቅም። ያን ቀን መዋሸት እንዴት ይደረጋል ብዬ ፈለግሁ፣ አጣሁት።

“ለጊዜው አይደለም” አልኳት።

አሁን ስለ ራሴ ጉንፋን ልናገር፤ አንባቢ የመጣው ለእርሱ ነውና። ከአዲስ አበባ ስንመለስ ታደለችን ለመጀመሪያው የወር መርፌ አሰብ ሆስፒታል ስወስዳት እኔ ራሴ እያስነጠስኩ ነበር። ሐኪሙ ተናደደ። ይህች ልጅ ጉንፋን የሚያመጣባት ሰው አጠገቧ ሊኖር አይገባም አለ። አፍዎን ይክፈቱ ተባልኩ፤ ከፈትኩ። ሲስተር ለተብርሃን ምላሴን አየችና ይሄ ሐምራዊ ምንድነው አለች። ስለ እርሳሱ ነገርኳት። ለሐኪሙ ስትተረጉምለት ሁለት ጊዜ አስደገማት፤ አላመነም።

“ስንት ሰው ነው ያንን እርሳስ የሚልሰው?”

“በቀን ዘጠኝ፣ አሥር” አልኩ።

ከዚያ ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ ክፍላችን ምን ያህል መስኮት እንዳለው ጠየቀ። መለስኩ። ሰውነቴን የሚያጠነክር መድኃኒት እንዲያዝልኝ ለመንኩት። የለኝም አለ፤ ሲስተርም እንዲህ ብላ አቀረበችው፦ “ሰባት ሰዓት ይተኙ፣ መስኮቱን ይክፈቱ፣ የራስዎን እርሳስ ይያዙ፣ እጅዎን በሳሙና ሳይታጠቡ ልጅ አያቅፉ። ሌላ የላቸውም።”

ቤት ስገባ ወረቀቱን ከግድግዳው ቀደድኩት። የፖስታውን ትምህርት አቆምኩ። በሙቀቱ ወራት አልጋዎቻችንን ወደ ግቢ አወጣሁ፤ ሐሰን አጥሩ ላይ አጮልቆ አየና አንድ የሰሌን ምንጣፍ በአጥሩ አሻግሮ አቀበለኝ። እርሳሴን በኪሴ፣ ጫፉን የማርስበት እርጥብ ጨርቅ በጣሳ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ጓደኞቼ ‘ልዑል አስፋው ከነእርሳሱ መጣ’ እያሉ ሳቁብኝ። ዘንድሮ ሦስቱ የየራሳቸውን ይዘዋል። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሁለተኛው አንድ ጊዜ ብቻ ታመምኩ። ድኛለሁ። ካዳነኝ ነገር ዋናው አጥሩ ማዶ በነጻ ሲነገረኝ ነበር።

ታደለች ግን ዘንድሮ ሁለት ትራስ ካልተደራረበላት ጋደም ማለት አትችልም። ቀኑ ሲመሽ ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል። ሐኪሙ ተቀይሯል፤ አዲሱም እንደ ፊተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ ያዳምጣል፣ ከዚያም ከእኔ ጋር ሳይሆን ከሲስተር ጋር ይነጋገራል።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሲያበቃ ጠቅላላው ስንት ፈጀ ብሎ የሚጠይቅ አለ። በገንዘብ የወጣውን መናገር አልፈልግም፤ የሁለት ዓመት ደመወዜ ገደማ ነው፣ እርሱም ይተካል። በላይነሽን የስፌት መኪናዋን አስከፍሏታል፤ ከእኔም ጋር በደኅና ጊዜ የምትስቀውን ሳቅ ወስዶባታል። ሰሎሞን ትምህርት ቤት ሲሄድ የሁለት ሰው ደብተር ይሸከማል፤ እኅቱ ስትቆም አብሮ ይቆማል፣ መሳደቡንም ትቷል። እኔን ደግሞ ይህን አስከፍሎኛል፦ ልጆቼን የት ጋ ነው የሚያማችሁ ብዬ ስጠይቃቸው ምንም ይሉኛል። ሮማን እንኳ፣ ያኔ ሕፃን የነበረችው፣ ትኩሳት ይዟት ምንም ትለኛለች።

የታደለችን ድርሻ ራሷ አስልታዋለች። በሒሳብ ጎበዝ ናት። በአሥራ አንድ ዓመቷ የመጀመሪያውን መርፌ ስትወጋ ሲስተር ለተብርሃን ይህ እስከ ሃያ አምስት ዓመትሽ ይቀጥላል ብላት ነበር። አሥራ አራት ዓመት፣ በየዓመቱ አሥራ ሁለት፣ መቶ ስልሳ ስምንት መርፌ። ባለፈው ሰኞ ሠላሳ አንደኛውን ተወግታ አንድ እግሯን እየጎተተች ከክፍሉ ወጣች። ላግዛት ክንዷን ያዝኩ። ወሬ ለመፍጠር ያህል ስንት ቀረሽ ብዬ ጠየቅኋት።

“መቶ ሠላሳ ሰባት፣ አባባ” አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆማ ጠበቀች። “ዕድሜ ከሰጠኝ።”